የታደሰ የቤንዚን ሞተር ዲስትሪቢውተርና ታይሚንግ፦ ከቆቦ ሜዳ እስከ ኮረም ዳገት

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። አንድ የጭነት መኪና የቤንዚን ሞተር ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ሪክቲፊካ ገብቶ፣ ፒስቶኑና ብሮንዚኑ ተቀይሮ እንደገና ከተገጠመ በኋላ ዲስትሪቢውተሩ በትክክል መግባቱንና የካንዴላው እሳት በሰዓቱ መነሣቱን በምን እናረጋግጣለን? ይህ ሥራ የእድሳቱ የመጨረሻ ምዕራፍ በመሆኑ ብዙ ጊዜ በድካምና በጥድፊያ ይሠራል። ሞተሩ ከተነሣ፣ ድምፁም ለጆሮ ከተስማማ፣ ተፈጸመ ይባላል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፤ በጆሮ ብቻ የተስተካከለ ታይሚንግ የሚያገለግለው ጆሮው በቆመበት ቦታና ሰዓት ነው። በምልክት የተለካ ታይሚንግ ግን ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጓዛል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጉዞው ትንሽ አይደለም።

አካባቢውን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከወልድያ በኋላ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያም በዋጃ በኩል አላማጣ ይደርስና ወደ ኮረም ይወጣል። ደሴና ኮረም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ወልድያ 2,100 ሜትር ያህል፣ ቆቦና አላማጣ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ከወልድያ በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ የወረደ መኪና 500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ማሽላና ሽንኩርት የጫነ አንድ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ቆላ ሊመላለስ ይችላል። የሚተነፍሰው አየር ግን በሁለቱ ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይ ዛሬ የምናየው አብዛኛው ከባድ መኪና ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ሞተር ካንዴላም ዲስትሪቢውተርም የለውም። ሆኖም ዲስትሪቢውተር ያለው የቤንዚን ሞተር ከሥራ አልወጣም። ለዛሬው ማብራሪያ ምሳሌ አድርጌ የምወስደው የቶዮታን የኤፍ ዘር ሞተር ነው። ይህ በተርታ የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር በቶዮታ የጭነት መኪናዎችም በላንድክሩዘርም ላይ ተገጥሟል። የመጀመሪያው ኤፍ 3.9 ሊትር፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1975 የመጣው ሁለት ኤፍ 4.2 ሊትር ነው። ብረቱ ጠንካራ በመሆኑ ከአንድ ጊዜ በላይ ይታደሳል፤ ስለዚህም ለትምህርታችን ይመቻል።

እሳቱ ለምን ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ይነሣል? ቤንዚንና አየር በአንድ ቅጽበት አይነድም። ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ ክፍሉን እስኪያዳርስ ጊዜ ይፈልጋል። ለማስላት እንዲመቸን ይህ ጊዜ 2 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር ሲዞር አንዱ ዙር 100 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ ክራንክሻፍቱ 7 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ግን በዚያው 2 ሚሊሰከንድ 36 ዲግሪ ይዞራል። በእርግጥ ፍጥነቱ ሲጨምር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የአየር ሽክርክሪት ነበልባሉን ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ማስቀደም በዚህ ስሌት ልክ አያድግም። ዋናው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱ ቀደም ማለት አለበት። ይህን የሚሠሩት በዲስትሪቢውተሩ ሆድ ውስጥ ያሉት ክብደቶችና ስፕሪንጎች ናቸው። በቫክዩም የሚሠራው ማስቀደሚያ ደግሞ ሞተሩ ሸክም በማይበዛበት ጊዜ ተጨማሪ ዲግሪ ይሰጣል። እኛ ዲስትሪቢውተሩን ስንገጥም የምንወስነው መነሻውን ብቻ ነው። መነሻው በ10 ዲግሪ ከተሳሳተ ግን ስሕተቱ በየፍጥነቱ ላይ ሁሉ ይደመራል።

እንግዲህ ወደ ፍተሻው ቅደም ተከተል እንለፍ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምልክቱ ራሱ እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ነው። በኤፍና በሁለት ኤፍ ሞተሮች ላይ ምልክቱ የሚገኘው በፍላይዊሉ ላይ ነው፤ በቤቱ ጎን ባለችው ትንሽ መስኮት ሲታይ አንድ መስመር የላይኛውን ሙት ነጥብ ያመለክታል፤ በፍላይዊሉ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ የብረት ኳስ ደግሞ ከዚያ ነጥብ 7 ዲግሪ በፊት ያለውን ቦታ ታሳያለች። በሌሎች ሞተሮች ምልክቱ በፊት ለፊቱ ፑሊ ላይ ይሆናል፤ ፑሊው በጎማ የተያያዘ ከሆነ ከእርጅና የተነሣ የውጭው ቀለበት ተንሸራቶ ምልክቱ ሊዋሽ ይችላል። ከተለያዩ መኪናዎች በተሰበሰበ መለዋወጫ በታደሰ ሞተር ላይ ምልክትን ሳይፈትኑ ማመን አይገባም።

አፈታተኑ ቀላል ነው። የአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ ይወጣና በቦታው ፒስቶኑን ጫፍ ከመድረሱ በፊት የሚያቆም ጫፉ ያልሾለ ማገጃ ይገባል። ሞተሩ በእጅ፣ በዝግታ፣ ማገጃውን እስኪነካ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ ፍላይዊሉ ላይ በጠመኔ ይሰመራል። ከዚያ ወደ ሌላው አቅጣጫ ዞሮ እንደገና እስኪነካ ይመለሳል፤ ሁለተኛ መስመር ይሰመራል። እውነተኛው የላይኛው ሙት ነጥብ የሁለቱ መስመሮች እኩሌታ ነው። ፒስቶኑ ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ክራንክሻፍቱ ጥቂት ዲግሪ ቢዞርም እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በካንዴላው ቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ ጫፉን በስሜት መፈለግ ብዙ ዲግሪ ሊያሳስት ይችላል። በሁለት ወገን ለክቶ እኩሌታውን መውሰድ ይህን ስሕተት ያስቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ፒስቶኑ ጫፍ የደረሰው በየትኛው ምት ነው የሚለው ነው። በአራት ምት ሞተር አንድ ፒስቶን በሁለት ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ በመጭመቅ መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ጭሱን በማስወጣት መጨረሻ። ዲስትሪቢውተሩ የሚዞረው በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ፣ ምቱን ያሳሳተ ሰው ሮተሩን 180 ዲግሪ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ሞተሩም አይነሣም፤ በካርቡረተሩ በኩል መልሶ ይተኩሳል። ለማረጋገጥ የቫልቩን ክዳን ማንሣት ይበቃል። በስድስት ተርታ ሲሊንደር ሞተር አንደኛውና ስድስተኛው ፒስቶን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የስድስተኛው ሁለት ቫልቮች አንዱ እየተዘጋ ሌላው እየተከፈተ ሲፈራረቁ ከታዩ፣ የአንደኛው ሁለቱም ቫልቮች ልል ናቸው፤ አንደኛው በመጭመቅ ላይ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከእሳት ይልቅ ስለ ዘይት ነው፤ ከሁሉም አደገኛው እርሱ ይመስለኛል። በኤፍና በሁለት ኤፍ ሞተሮች የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ የታችኛው ጫፍ ነው። ዲስትሪቢውተሩ ጥርሱ ከካምሻፍቱ ጥርስ ጋር ቢገናኝም ጫፉ ከፓምፑ ዘንግ ጋር ካልተቆላለፈ፣ እሳቱ ሊሠራ ይችላል፤ ፓምፑ ግን አይዞርም። አዲስ ብሮንዚን ያለ ዘይት ግፊት የሚቆየው እጅግ አጭር ጊዜ ነው፤ የወራት ቁጠባ የፈሰሰበት እድሳት በዚያች አጭር ጊዜ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ዲስትሪቢውተሩ ከመግባቱ በፊት በቀዳዳው ረጅም ጠመዝማዛ መፍቻ አስገብቶ የፓምፑን ዘንግ በማዞር ዘይቱ እስከ ቫልቮቹ መድረሱን ማየት ተገቢ ነው። ከዚያ የፓምፑ ዘንግ የዲስትሪቢውተሩን ጫፍ ወደሚቀበልበት አቅጣጫ ይመራል። ዲስትሪቢውተሩ ሲገባ ከንፈሩ ከሞተሩ ብረት ጋር በራሱ ክብደትና በእጅ ግፊት ብቻ ገጥሞ መቀመጥ አለበት። ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ከቀረ መቆላለፉ አልሆነም ማለት ነው። ክፍተቱን በማሰሪያው ብሎን ጎትቶ መዝጋት ብረት ይሰብራል። ወጥቶ፣ የፓምፑ ዘንግ በጥቂቱ ዞሮ፣ እንደገና ይሞከራል።

የዲስትሪቢውተሩ ጥርስ ሰያፍ ስለሆነ ዘንጉ ሲወርድ ሮተሩ ይዞራል። ስለዚህ ሮተሩ መጨረሻ ላይ እንዲያርፍበት ከሚፈለገው ቦታ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል። በአንድ ጥርስ መሳሳት ቀላል መስሎ እንዳይታይ ስሌቱን እንየው። ጥርሱ 12 ቢሆን አንዱ ጥርስ በዲስትሪቢውተሩ 30 ዲግሪ፣ በክራንክሻፍቱ ግን 60 ዲግሪ ነው። የዲስትሪቢውተሩን አካል በማዞር ይህን ያህል ማካካስ በአብዛኛው አይቻልም። ሮተሩ ወደ አንደኛው ካንዴላ ሽቦ እያመለከተ ካረፈ በኋላ የቀሩት ሽቦዎች በሮተሩ መዞሪያ አቅጣጫ 1-5-3-6-2-4 ተብለው ይደረደራሉ። አቅጣጫውን በግምት መናገር አያስፈልግም፤ ክዳኑን አንሥቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር ያሳያል።

አራተኛው ደረጃ ሞተሩ ሳይነሣ የሚደረገው ማስተካከል ነው። ቀድሞ የፑንቲናው ክፍተት ይለካል። ክፍተቱ ሲሰፋ ፑንቲናው ቀድሞ ይከፈታል፤ እሳቱም ይቀድማል፤ ስለዚህ ታይሚንግን አስተካክሎ ኋላ ክፍተቱን መነካካት የተሠራውን ማፍረስ ነው። በኋላ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ እየተመራ በመጭመቅ ምት ላይ ኳሷ ከመስኮቱ ጠቋሚ ጋር ትገጥማለች። ካለፈች በቀጥታ መመለስ አይገባም፤ በጥርሶች መካከል ያለው ልልነት ያሳስታል። ብዙ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ወደ ፊት መምጣት ይሻላል። ከዚያ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ከቦቢናው የዲስትሪቢውተር ወገን እስከ ሞተሩ ብረት አንዲት የመፈተሻ አምፖል ትታሰራለች። ፑንቲናው እንደተዘጋ አምፖሏ ጠፍታ ትቆያለች፤ በሚከፈትባት ቅጽበት ትበራለች። ዲስትሪቢውተሩ በዝግታ ዞሮ አምፖሏ በምትበራበት ቦታ ይታሰራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል? ሞተሩ ይነሣ እንጂ ኋላ እናስተካክለዋለን ቢባልስ? የታደሰ ሞተር በመጀመሪያው ሙከራ ቢነሣ ነው የሚመረጠው። በተሳሳተ ታይሚንግ ደጋግሞ ማስነሻ ማዞር ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እንዲያጥበው ያደርጋል፤ አዲሶቹ ፋሻዎች በደረቅ ብረት ላይ ይፋተጋሉ። የካምሻፍቱና የቫልቭ መግፊያዎቹ ገጽም ዘይት በበቂ ሳይረጭለት ይበላል።

አምስተኛው ፍተሻ ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ በታይሚንግ መብራት የሚደረገው ነው። የቫክዩሙ ቱቦ አምራቹ እንዳዘዘው ይያዛል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙሩ ላይ ሳለ መብራቱ ኳሷን በጠቋሚው ላይ ሊያሳየን ይገባል። ይህን አይቶ ማቆም ግን ፍተሻውን በግማሽ መተው ነው። ዙሩ ቀስ በቀስ ሲጨምር ምልክቱ ያለ መንቀጥቀጥ ወደ መቅደም መሄድ፣ ዙሩ ሲቀንስም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ካልሄደ በውስጥ ያሉት ክብደቶች ዝገው ተጣብቀዋል፤ ካልተመለሰ ስፕሪንጉ ደክሟል፤ ከተንቀጠቀጠ የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ መቀመጫ ተበልቷል። ሞተሩ ሲታደስ ዲስትሪቢውተሩ ሳይታደስ መቅረቱ የተለመደ ስለሆነ ይህ ፍተሻ ብዙ ነገር ይገልጣል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነጥብ እንመለስ፤ ጆሮ ለምን አይበቃም? የጋራዥ ባለሙያው የተለመደ ዘዴ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር እያስነሣ ዲስትሪቢውተሩን ማዞር፣ በፍጥነት በሚዞርበት ቦታ ጥቂት መልሶ ማሰር ነው። ዘዴው ሞተር ለማስነሣት ይረዳል፤ በልምድ የዳበረ ጆሮም የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙርና ያለ ሸክም ሲሠራ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ ጥቂትና ከቀረው ጭስ ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ድብልቅ በዝግታ ይነዳል፤ ስለዚህ ብዙ ማስቀደም ይወዳል። ያው ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሲሊንደሩ በድብልቅ ይሞላል፤ በፍጥነት ይነዳል፤ ያ ማስቀደም ይበዛበታል። ጆሮው የፈረደው ሞተሩ በማይሠራበት ሁኔታ ላይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት 75 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በ1,500 ሜትር ላይ 85 ያህል፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ በጆሮ የተስተካከለ ሞተር ቆቦ ሲደርስ በ13 ከመቶ ገደማ የበለጠ የአየር ግፊት ያገኛል። የቆላው ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ወደ ሲሊንደር የሚገባው የአየር ክብደት በዚያው ልክ አይጨምርም። ነገር ግን ሙቀቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ማንኳኳት የሚባለው፣ ነበልባሉ ያልደረሰበት ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ ሁለቱም፣ ግፊቱም ሙቀቱም፣ አብረው ይጨምራሉ። ደጋ ላይ ያለ ምንም ድምፅ የተስማማው ማስቀደም በራያ ሜዳ የቀትር ሙቀት፣ ከጭነት ጋር፣ ሞተሩን ሊያንኳኳው ይችላል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ የፒስቶኑን ጫፍ ይበላል፤ የፋሻ መቀመጫዎችን ይሰብራል፤ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። የመኪናው ጩኸትና የመንገዱ አቧራ በሚበዛበት ሰዓት ሾፌሩ ድምፁን ላይሰማው ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። በቆላ ማንኳኳቱን ፈርቶ እሳቱን ከልክ በላይ ያዘገየ ሰው ከአላማጣ ወደ ኮረም ሲወጣ ጉልበት ያጣል። ነበልባሉ ዘግይቶ ስለሚጨርስ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ራዲያተሩ ይፈላል፤ ቤንዚኑም ይባክናል። ሾፌሩ ራዲያተሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ዲስትሪቢውተሩ ላይ ነው።

ታዲያ ለደጋና ለቆላ የተለያየ ታይሚንግ ይኑር ማለቴ ነውን? ሁልጊዜ በደጋ ለሚሠራ ሞተር ጥቂት ዲግሪ መጨመር ምክንያት ያለው ነው፤ አንዳንድ አምራቾችም ለከፍተኛ ቦታ የተለየ መመሪያ አውጥተዋል። በሁለቱ መካከል ለሚመላለስ መኪና ግን መነሻው የአምራቹ ቁጥር ሆኖ፣ የሚለካበት ሁኔታ ሸክም የበዛበት ቆላው መሆን አለበት። በአንዳንድ የቶዮታ ዲስትሪቢውተሮች ላይ እንደ ነዳጁ ጥራት ታይሚንግን በጥቂቱ የሚያንቀሳቅስ ማስተካከያ አለ፤ እርሱም መጀመሪያ መካከለኛው ምልክት ላይ ካልተቀመጠ የተለካው ሁሉ ይዛባል። ለውጥ ካስፈለገ በቁጥር ይደረግ፤ ሁለት ዲግሪ ተቀነሰ፣ ሁለት ዲግሪ ተጨመረ ተብሎ ይጻፍ።

ለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የለውም። የታደሰ ሞተር ከጋራዥ ሲወጣ አንዲት ካርድ ይዞ ይውጣ። በካርዷ ላይ የተለካበት ቦታና ከፍታ፣ ቀኑ፣ የፑንቲናው ክፍተት፣ በዝቅተኛ ዙር የታየው ዲግሪ፣ ዙሩ ሲጨምር የታየው ትልቁ ዲግሪ፣ የዘይቱ ግፊት ይጻፍ። መኪናው ወልድያ ታድሶ ቆቦ ቢበላሽ፣ የቆቦው ባለሙያ ከምን እንደሚነሣ ያውቃል። ባለንብረቱም የከፈለበትን ሥራ የሚያይበት ማስረጃ ይኖረዋል።

ናፍጣ ሞተር ላይ ለምትሠሩ ተማሪዎችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው አሮጌ ፊያትም ሆነ ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ኢሱዙ ዲስትሪቢውተር ባይኖረውም የነዳጅ ፓምፑ መቼ እንደሚረጭ መወሰን አለበት። የላይኛውን ሙት ነጥብ ማረጋገጥ፣ ምቱን መለየት፣ ምልክቱን መጠራጠር፣ የጥርስን ልልነት ማሰብ፣ ውጤቱን መጻፍ፤ እነዚህ አምስቱ በዚያም ይሠራሉ።

በመጨረሻም ለዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ትቼላችሁ ልሂድ። አንድን ሞተር በወልድያ፣ በቆቦና በኮረም፣ በአንድ ዓይነት ጭነትና ነዳጅ፣ በታይሚንግ መብራት ብትለኩት ማንኳኳቱ በስንት ዲግሪ ይጀምራል? ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መኪና፣ አንድ መብራት፣ ቴርሞሜትርና ማስታወሻ ደብተር ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከደጃችሁ ይጀምራል። የሦስቱን ቦታ ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ለዚህ መንገድ ባለሙያዎች ሁሉ የሚያገለግል ሰንጠረዥ ይሰጣል።